250 ወይስ 300? ስለ ጥይት ክብደትና ስለ ሳቦት

ሚኒሶታ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ የአደን ወቅት በደረሰ ቁጥር ቴሌግራም ላይ ያችኑ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። «250 ግሬን ልግዛ ወይስ 300?» ግሬን የጥይት ክብደት መለኪያ ነው። እኔ ጅማ ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ጉዳዩንም ከልቤ እወደዋለሁ። እንደሱ ለሚያድኑ የአገር ልጆችም ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

ጠመንጃው የድሮው ዓይነት ነው፣ በአፈሙዝ የሚጎርስ። መጀመሪያ ባሩዱ ይገባል፣ ከዚያ ጥይቱ በዘንግ ተገፍቶ ባሩዱ ላይ ይቀመጣል። የሱ ካሊበር 50 ነው፤ የቱቦው ስፋት 12.7 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ጥይቱ ግን 11.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክፍተቱን የሚሞላው ሳቦት የሚባለው የፕላስቲክ ሽፋን ነው። ሲተኮስ የቱቦውን ጠመዝማዛ ጭረት ይዞ ጥይቱን ያሽከረክረዋል፣ ከአፈሙዙ እንደወጣ ደግሞ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተከፍቶ ይወድቃል።

ሰው ሁሉ ከክብደት ይጀምራል። እኔ ግን ቱቦውን አስቀድሙ ባይ ነኝ። ጭረቱ በስንት ኢንች አንድ ዙር ይዞራል? 28 ኢንች ከሆነ ለሳቦትና ለረዥም ጥይት የተሠራ ነው። 66 ከሆነ በጨርቅ ተጠቅልሎ ለሚገባ ክብ አረር ነው። ስፋቱና ማዕድኑ ያው ሆኖ ክብደቱ ሲጨምር ጥይቱ ይረዝማል፣ የረዘመ ጥይት ደግሞ ፈጥኖ ካልተሽከረከረ አየር ላይ ይንገዳገዳል። ስለዚህ ከባድ ስለሆነ ብቻ ይሻላል የሚሉትን አትስሟቸው።

ለሚኒሶታ አጋዘን፣ በመቶ ሜትር ውስጥ፣ 250 ግሬን ከበቂ በላይ ነው። 16 ግራም ገደማ ነው። በተመሳሳይ ባሩድ ከ300ው ፈጥኖ ይወጣል፣ ጉዞው ቀጥ ያለ ነው፣ ትከሻንም ብዙ አይመታም። 300ው፣ ማለትም 19 ግራም ተኩሉ፣ ቀርፋፋ ነው፤ ግን ጠልቆ ይገባል፣ ትልቅ አጥንት ያለው እንስሳ ላይ ያ ያስፈልጋል። አክስቴ ደግሞ የምትጠይቀው ሌላ ነው። «ቢስሚላህ ብለህ ነው የተኮስከው? ቆስሎ አልሄደብህም?» እውነቷን ነው። እንስሳው ቆስሎ ጫካ ገብቶ እንዳይሰቃይ ነው ይሄ ሁሉ ልፋት።

አሁን ወደ ሳቦቱ፣ ምክንያቱም ብዙው ችግር ያለው እዚያ ነው። በቀደም ኢላማ ሲለማመድ ጥይቱ እዚህም እዚያም እየወደቀ አስቸገረውና ክብደት ልቀይር አለኝ። ቆይ፣ መጀመሪያ ሳቦቶቹን ከመሬት ልቀምና ፎቶ ላክልኝ አልኩት። ላከ። አራቱ ቅጠሎች እኩል መከፈት ሲገባቸው አንዱ ከሥሩ ተገንጥሏል፣ ታችኛው መቀመጫውም ጠቁሮ ጫፉ ቀልጧል። ግፊቱ በጎን እያመለጠ ነው ማለት ነው። ጥይቱን ሳይነካ ጠንከር ያለ ሳቦት ገዛ፣ በየተኩሱ መሀል ቱቦውን በጨርቅ መወልወልና እስኪበርድ መጠበቅም ጀመረ። የጋለ ቱቦ ፕላስቲኩን ያለሰልሰዋላ! ከዚያ በኋላ ጥይቶቹ አንድ ቦታ ተሰበሰቡ።

ሁለት ነገር ደግሞ በምንም አትደራደሩበት። አንደኛ፣ ጠመንጃው ለጥቁር ባሩድ ወይም ለምትኩ ብቻ የተሠራ ከሆነ ጭስ አልባ ባሩድ በፍጹም አይገባበትም፣ ቱቦው ይፈነዳል። ሁለተኛ፣ ጥይቱ ባሩዱ ላይ እስኪቀመጥ ተገፍቶ መግባት አለበት፣ መሀል ላይ ክፍት ቦታ ከቀረ አደገኛ ነው። ጠመንጃው በትክክል ሲጎርስ ዘንጉ አፈሙዙ ጋ የሚደርስበትን ቦታ ምልክት አድርጉበት፤ ሁልጊዜ እዚያው መድረሱን ታያላችሁ።

ዘንድሮ ደግሞ ኮሎራዶ ሄጄ ኤልክ ላድን ነው እያለ ነው። ኤልክ ከአጋዘን በጣም ይገዝፋል፣ ለሱ ከባዱ ጥይት ይሻላል። ግን ኮሎራዶ ውስጥ በዚህ ጠመንጃ የአደን ወቅት ሳቦት ክልክል ነው። ስለዚህ ያለ ሽፋን የቱቦውን ስፋት የሚሞላ የእርሳስ ጥይት ግዛ፣ የለመድከውን ኢላማም በአዲሱ ጥይት እንደገና አስተካክል፤ ከ250ው ይልቅ ቶሎ ዝቅ ይልብሃል።