ጁምዓ ዙህር አይደለም

ኦቲዝም ያለበትን ልጄን ደሴ ላይ መስጊድ ሳስለምድ አንድ ሰው ስለ ጁምዓ፣ ስለ አርቡ የጋራ ሶላት፣ ቢያስጠነቅቀኝ ኖሮ ያን ሁሉ ወር ባላባከንኩ።

ውዱእ፣ ከሶላት በፊት ያለው መታጠብ፣ ቀላሉ ነው። እጅ፣ አፍ፣ አፍንጫ፣ ፊት፣ ክንድ እስከ ክርን 3 3 ጊዜ፤ ራስ 1 ጊዜ ይታበሳል፤ እግር 3። ቧንቧው መሃል ላይ ቀጥ ካለ ልጄ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ሙሉ ጆግ ይኑራችሁ።

ሶላቱ ውስጥ «ዓይኔን እየኝ» የሚል የለም። ዓይን የሚያርፈው ግንባር የሚወርድበት ቦታ ላይ ነው። ሱጁድ (መሬት ላይ መደፋት) ላይ ግንባር ከነአፍንጫው፣ ሁለት መዳፍ፣ ሁለት ጉልበትና የእግር ጣቶች መሬቱን ይጫናሉ፤ ልጄ የሚረጋጋው እዚያ ነው። ሐኪሙ «ሰው ከበዛበት አርቀው» ብሎኝ ነበር። አልሰማሁትም። በአንድ ተክቢራ (የኢማሙ «አላሁ አክበር») አብሮ የሚወርድና የሚነሳ ሕዝብ ገበያ አይደለም። ብቻ ከሶፉ (ከሰጋጆቹ ረድፍ) ጫፍ ግድግዳው ሥር፣ ከድምፅ ማጉያው ራቅ አድርጋችሁ አቁሙት፤ አንድ ትከሻው ብቻ ይነካል።

ጉዱ አርብ ነው። ዙህርን፣ የቀትሩን ሶላት፣ ለእያንዳንዱ ረከዓ (የሶላት ዙር) አንድ አድርጌ በ4 ክብ ሥዬ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ነበር ያስተማርኩት። ኢማሙ ጁምዓን በ2 ረከዓ አሰላምተው ሲጨርሱ እሱ ለሦስተኛው ቆመ። እጁን ብይዘው ጮኸ፣ ጆሮውን ይዞ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ «ዛሬ ዙህር ያጥራል» ብዬዋለሁ። ያጠረ ማለት ለሱ ያልተጨረሰ ነው። በቀጣዩም አርብ ያው ሆነ። አንድ ሽማግሌ «ብዕር ተነስቶለት የለ፣ ምን አስጨነቀህ?» አሉኝ። ግዴታ የለበትም ማለት አይምጣ ማለት ነው እንዴ? እስካሁን ይከነክነኛል።

መላው ጁምዓን በራሱ ስም፣ በራሱ ወረቀት ማስተማር ነው፤ አንደኛ ኹጥባ (የኢማሙ ስብከት)፣ ኢማሙ ትንሽ ቁጭ ይላሉ፣ ሁለተኛ ኹጥባ፣ 2 ክብ። የኹጥባውን ደቂቃ እንዳትጽፉ፤ ኢማሙ አይጠብቁላችሁም። የዙህሩን ወረቀት ሐሙስ ማታ አንሱት።

ዘመድ ሁሉ «በወዳጃና በመንዙማ (በጋራ ጸሎትና በመንፈሳዊ ዜማ) ጀምርለት፣ ይፍታታል» ይላል። ድቤው፣ የዕጣኑ ጢስ፣ መቼ እንደሚያልቅ የማይታወቀው ዱዓ ለኛ ለወሎዬዎች ደስታ ነው፤ ለሱ ግን ቁጥር የለውም። ይቆይ።

ደግሞ ኢማምም ይሳሳታል። ሱጁደ ሰህውን ቀድማችሁ አስተምሩት፦ ለመርሳትም 2 ሱጁድ ተቆርጦለታል። ልጄ ከሁሉም አብልጦ የወደደው ይህንን ነው።