ያልተሞከረ መጠባበቂያ ቅጂ

ለሁለት ዓመት ያህል የፋይሎቼ መጠባበቂያ ቅጂ በእጄ አለ ብዬ ተማምኜ ኖሬያለሁ። በየወሩ መጨረሻ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኬን ላፕቶፑ ላይ እሰካና ዴስክቶፑ ላይ የሚታየኝን ሁሉ ገልብጬ ዲስኩን ወደ መሳቢያው እመልስ ነበር። አንድ ቀን ላፕቶፑ አልነሣም ሲለኝ እንኳ ብዙም አልደነገጥኩም፤ የደነገጥኩት ኤክስተርናሉን በሌላ ኮምፒውተር ስከፍተውና ከገለበጥኩት አብዛኛው ሾርትከት እንጂ ፋይል አለመሆኑን ሳይ ነው። ሾርትከት ዋናው ፋይል የሚገኝበትን ቦታ ብቻ የሚጠቁምና መጠኑም ከጥቂት ኪሎባይት የማያልፍ ነገር ነው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ዲስኩ ላይ የተያዘውን ቦታ አንድ ጊዜ ልብ ብዬ አይቼው ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ወዲያው በተገለጠልኝ ነበር።

ይህ የጀማሪ ስሕተት ብቻ እንዳልሆነ የተረዳሁት የጊትላብን ታሪክ ሳነብ ነው። የፕሮግራመሮችን ሥራ የሚያስቀምጠው ይህ ድርጅት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ ባለሙያው በተሳሳተ ሰርቨር ላይ በሰጠው የማጥፊያ ትእዛዝ ምክንያት ወደ 300 ጊጋባይት ከሚጠጋው የመረጃ ቋቱ 4.5 ጊጋባይት ያህል ብቻ ቀረው። የየዕለቱ ባክአፕ በሶፍትዌር ስሪት አለመጣጣም የተነሣ ሳይሠራ ቆይቶ ነበር፤ ይህንን ሊያሳውቁ የሚገባቸው ኢሜይሎችም ተቀባዩ ጋ ሳይደርሱ ውድቅ ይደረጉ ነበር። ድርጅቱን ያተረፈው ያው ባለሙያ ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ሥራ ብሎ ያነሣው ቅጂ ነው፤ ይህ እንግዲህ ዕድል እንጂ ዝግጅት ሊባል አይችልም።

ሦስት ቅጂ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ፣ አንዱም ከቤት ውጭ ይሁን የሚለው የታወቀው የ3-2-1 ደንብ ትክክል ነው፤ እኔም እከተለዋለሁ። ነገር ግን ደንቡ የሚቆጥረው የቅጂዎቹን ብዛት እንጂ መከፈት መቻላቸውን አይደለም። እንደ ጎግል ድራይቭ ያለው አገልግሎትም ከኮምፒውተር ጋር ሲመሳሰል እዚህ የተሰረዘውን እዚያም ይሰርዛል፤ የተሰረዘውም በቆሻሻ መጣያው ውስጥ የሚቆየው 30 ቀን ብቻ ነው። ሁልጊዜ እንደተሰካ የሚውል ኤክስተርናል ዲስክ ደግሞ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በገባ ጊዜ ከላፕቶፑ እኩል ይቆለፋል፤ ስለዚህ ሥራው እንዳለቀ መንቀል ይገባል።

አሁን በየሦስት ወሩ ጥቂት ፋይሎችን ያለ ምርጫ አነሣና የእኔ ባልሆነ ኮምፒውተር ላይ እከፍታቸዋለሁ፤ የፋይሎቹን ብዛትና ጠቅላላ መጠን ከዋናው ጋር አስተያያለሁ። አሰልቺ መሆኑን አልክድም። ሆኖም ባለፈው ሙከራ ፋይሎቹ ሁሉ ደኅና ሆነው ሳለ ዲስኩን ራሱን መክፈት አቃተኝ፤ በይለፍ ቃል ቆልፌው ነበርና፣ ቃሉን የጻፍኩበት ማስታወሻ ያለው ላፕቶፑ ውስጥ ብቻ ነበር። የዚያኑ ዕለት በወረቀት ገልብጬ ከዲስኩ ርቆ በሚገኝ ስፍራ አስቀመጥኩት።