ሳጥኑ ዓይኗ ላይ፣ ፎከሱ ጆሮዋ ላይ

ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሙሽሮች ፎቶ ሲነሡ በካሜራው ስክሪን ሁሉም ነገር ያማረ ነው። ካሜራው ፎከስ ያደረገበትን ቦታ የምታሳየው ትንሿ ሳጥን የሙሽራዋ ዓይን ላይ ተጣብቃ አትለቅም። ማታ ኮምፒውተር ላይ ተጎልቶ ሲታይ ግን ዓይኗ ደብዝዟል። ብዙው ካሜራማን እዚህ ላይ «አይ ኤኤፉ (ዓይን ፈልጎ በራሱ ፎከስ የሚያደርገው) ተበላሽቷል» ብሎ ወደ ጥገና ይሮጣል። ከመሮጥ በፊት ፎቶውን ደግሞ ማየት ይሻላል፦ ዓይኑ ከደበዘዘ የጠራው ምንድን ነው?

ምንም የጠራ ነገር ከሌለ ብዙ ጊዜ ጉዳዩ የፎከስ አይደለም፤ ሻተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ዘግይቷል። ለምትራመድ ሙሽራ 1/500 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ ያስፈልጋል። ስታቢላይዘር የአንሺውን እጅ መንቀጥቀጥ ይቀንስ እንጂ የሷን እርምጃ አያቆምም።

ጆሮዋ ወይም ጸጉሯ ከጠራ መጀመሪያ የሚታየው የፎከስ ሞዱ ነው። በፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ባለው) ካሜራ፣ 85 ሚሊሜትር ሌንስ በኤፍ 1.4 (ኤፍ የአፐርቸሩ፣ የሌንሱ ቀዳዳ መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ከ2 ሜትር ርቀት ሲያነሣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 5 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም። በኤኤፍ-ኤስ፣ በካነን አጠራር ዋን ሾት፣ ካሜራው አንዴ ፎከስ ይይዝና እዚያው ይቆልፋል። ከዚያ በኋላ ሳቅ ብላ ወደ ፊት ዘንበል ካለች ዓይኗ ከጥልቀቱ ወጥቷል። ሰው ሲነሣ ኤኤፍ-ሲ፣ ካነን ላይ ሰርቮ፣ ማለትም ፎከሱ ሰውየውን እየተከተለ የሚታደስበት ሞድ፣ ሁልጊዜ በርቶ ይቆይ። ጥንድ ሆነው ጎን ለጎን ከቆሙ ደግሞ ኤፍ 1.4 ይቅር፤ ያው 85 በኤፍ 4 ከ3 ሜትር ወደ 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ይሰጣል። ሙሽራውም ሰው ነው፣ መጥራት አለበት።

ኤኤፍ-ሲ በርቶም ሊስት ይችላል። ምክንያቱ ሜኑ ውስጥ የተደበቀ ነው፤ ካሜራው ፎከሱን ሳይጨርስ እንዲተኩስ ተፈቅዶለታል። ኒኮኖቹ በኤኤፍ-ሲ ከፋብሪካ ሲወጡ ቅድሚያ የሚሰጡት ለሻተሩ ነው፤ ሶኒዎቹ «ባላንስድ» (በሁለቱ መካከል) ላይ ተቀምጠው ይመጣሉ። ሁለቱንም ወደ ፎከስ ቅድሚያ ማዞር ነው። የፍጥነቱ ቅናሽ በሠርግ ፎቶ ብዙም አይሰማም።

ያገለገለ ካሜራ የገዛ ሰው ፈርምዌሩን (የካሜራውን የውስጥ ሶፍትዌር) ይይ። በፈረንጆቹ 2018 የወጣው ሶኒ ኤ7 3 ሲወለድ አይ ኤኤፍ የሚሠራው ለብቻው የተመደበ ቁልፍ ተይዞ ነበር። ሻተሩን በግማሽ በመጫን ብቻ እንዲሠራ ያደረገው በ2019 የመጣው ፈርምዌር 3.0 ነው። ኒኮን ዜድ6 ደግሞ ዓይን መለየት የጀመረው በዚያው ዓመት በፈርምዌር 2.0 ነው፤ ያም ቢሆን የፎከስ ቦታው ኦቶ ኤሪያ (ካሜራው ቦታውን ራሱ የሚመርጥበት) ላይ ካልሆነ አይበራም። ማደሻው ሲጫን ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ መሃል ላይ መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ላፕቶፑም ጭምር።

ዓይነ ርግቡ ከጠራ፣ ወይም በመስከረም ከፊት የተተወ አደይ አበባ ከጠራ፣ ካሜራው የያዘው ቅርቡን ነገር ነው። ጥልፉ ከዓይን ይልቅ ጥርት ያለ መስመር አለው፤ ፎከሱ ወደዚያ ይሳባል። የፎከስ ቦታውን ከዋይድ (ከሰፊው) አውጥቶ ትንሽ ነጥብ ማድረግና ፊቷ ላይ ማስቀመጥ ይረዳል። ዓይነ ርግቡ ወፍራም ከሆነ ግን አለመታገል ነው፤ ስክሪኑን አጉልቶ በእጅ ፎከስ ማድረግ ይቀላል።

ብርሃኑም የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ወደ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆኑ፣ ሠርግ በሚበዛበት በሚያዝያ የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ነች ማለት ይቻላል። ቅንድብ ዓይን ላይ ጥላ ይጥላል፤ ካሜራው ዓይን ሳይሆን ጥቁር ጉድጓድ ያያል። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር ደግሞ ብርሃኑ ተቆራርጦ ፊት ላይ ይበተናል። ከሁሉ የሚከፋው ጠይም ፊት ከብሩህ ሰማይ ጋር ሲገናኝ ነው፤ ካሜራው ሰማዩን ለማትረፍ ፊቱን ያጨልማል፣ ሳጥኗም ትጠፋለች። ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ ከፍ ማድረግና ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ፣ ከፊቷ ዝቅ ብሎ ነጭ ነጠላ ዘርግቶ መያዝ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ነጠላው ንጹሕ ነጭ ይሁን፤ የአረንጓዴ ጥለት ብርሃን አገጭ ላይ ደስ አይልም።

አመሻሽ ላይ በፍላሽ ኤፍ 8 ወይም 11 ሲሠራ ብዙ ሶኒዎች በኤኤፍ-ሲ ሌንሱን ጠብበው ነው ፎከስ የሚፈልጉት፤ የሚገባው ብርሃን ያንሳቸዋል። አፐርቸሩን መክፈት ወይም ፊቷ ላይ ትንሽ ኤልኢዲ ማብራት ነው። ቪውፋይንደሩ ከጨለመም «ሴቲንግ ኢፌክት» (የኤክስፖዠሩን ለውጥ ስክሪኑ ላይ የሚያሳየው) ኦፍ ይሁን።

ፈረስ ላይ ተቀምጠው መነሣት የሚወዱ ሙሽሮችም አሉ። ካሜራው «እንስሳ» ላይ ከሆነ፣ ብዙዎቹ የቆዩ ሞዴሎች የሰውን ዓይን አይፈልጉም። ወደ «ሰው» ይመለስ፤ የቀኝና የግራ ዓይን ምርጫውም ኦቶ ላይ ይሁን።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልተስተካከለ ካሜራው ጠፍቶ ሌንሱ ይውለቅ። የሱሉልታ አቧራ ሌንሱ ከካሜራው ጋር የሚገናኝባቸውን ወርቃማ ነጥቦች ይሸፍናል፤ በደረቅ ማይክሮፋይበር ይጠረጉ። ላጲስ የሚጠቀሙ አሉ፤ ፍርፋሪው ሴንሰር ላይ ይቀመጣል፣ አይደረግ። በአዳፕተር የተገጠመ የድሮ ሌንስ ከሆነ ለካሜራው በተሠራ ሌንስ ይሞከር።

የመጨረሻው ሙከራ እቤት የሚሠራ ነው። አይ ኤኤፍ የታተመ ፊትንም ይለያል፤ ስለዚህ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ትልቅ ፎቶ ይበቃል። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ሆኖ ከ2 ሜትር፣ አፐርቸሩ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ 10 ፎቶ ይነሣ፤ በየመሃሉ ፎከሱ በእጅ ወደ ሩቅ ይበላሽ። ከዚያ 1 ፎቶ ስክሪኑን አጉልቶ በእጅ ፎከስ። አንዳንዱ ጠርቶ አንዳንዱ ከደበዘዘ ብርሃኑና ሜኑው እንደገና ይታዩ። በእጅ የተነሣው ጠርቶ 10ሩም በአንድ ዓይነት ከሳቱ ወይም የፍሬሙ አንዱ ጎን ብቻ ከደበዘዘ ግን አሁን ጥገና ይገባዋል፤ 11ዱም ፎቶ፣ ሌንሱና ካሜራው አንድ ላይ ይሂዱ።