ያረጀ ቦርዶ ሲከፈት፦ አተላው፣ አየሩና ሙቀቱ

ለዓመታት በጥንቃቄ የተቀመጠ የሜዶክ (በፈረንሳይ የቦርዶ ወይን አካባቢ አንዱ ክፍል) ቀይ ወይን በመጨረሻዋ አንድ ሰዓት ሊበላሽ ይችላል። የዛሬው ማስታወሻ በአከፋፈቱ ላይ የሚያተኩረው ለዚህ ነው።

አቀማመጡን ባጭሩ፦ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ጨለማ ቦታ፣ ቡሹ እንዳይደርቅ ጠርሙሱ ተጋድሞ። ዋናው ጠላት የሙቀት መዋዠቅ ነው፤ ወይኑ ሲሞቅ ሰፍቶ ቡሹን ይገፋል፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ አየር ይስባል። የማቀዝቀዣ አናት ላይ የተደረደረ ጠርሙስ አይሰነብትም።

በሜዶክ ወይን ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚያመዝነው ካበርኔ ሶቪኞ የሚባለው የወይን ፍሬ ዓይነት ነው። ፍሬው ትንሽ፣ ቅርፊቱ ወፍራም ስለሆነ ታኒኑ (ከቅርፊቱና ከዘሩ የሚወጣው አፍ የሚያከር ንጥረ ነገር) ይበዛል፤ በለጋነቱ ድድ የሚያደርቀውም ይኸው ነው። ዓመታት ሲያልፉ ታኒኑና ቀለሙ እርስ በርስ ተያይዘው እየከበዱ ይዘቅጣሉ። ወይኑ ከሐምራዊነት ወደ ጡብ መልክ ይሄዳል፣ የፍራፍሬው ሽታ ለትምባሆ፣ ለቆዳና ለዝግባ እንጨት ቦታ ይለቃል፣ ከታች ደግሞ አተላ ይቀራል። አተላው የብልሽት ምልክት አይደለም፤ ብርጭቆ ውስጥ ከገባ ግን ይመርራል፣ አፍም ላይ ይሻክራል።

ስለዚህ ጠርሙሱ ከመከፈቱ ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ቢቻል 2 ቀን ቀድሞ ይቁም። የአንገቱን ሽፋን ሙሉ በሙሉ አንሱ፣ አፉን በንጹህ ጨርቅ ጥረጉ። ያረጀ ቡሽ በጠመዝማዛ መክፈቻ ይፈረፈራል፤ በጎንና በጎኑ የሚገቡ ሁለት ስስ ምላሶች ያሉት መክፈቻ እጅግ ይሻላል። ከአንገቱ ሥር ሻማ ወይም የስልክ መብራት አድርጋችሁ ወደ ዲካንተር (ወይን መገልበጫ የብርጭቆ ዕቃ) በዝግታ፣ ሳታቋርጡ አንቆርቁሩ። መሃል ላይ ጠርሙሱን ቀና ካደረጋችሁት አተላው ይናወጣል፣ ድካሙም ከንቱ ይሆናል። ጭስ የመሰለ ጥቁር ክር አንገቱ ጋ ሲደርስ አቁሙ። ከታች የሚቀረው ጥቂት ወይን አያሳሳ።

አየር ላይ የማስቀመጡ ነገር ግን በዕድሜ ይለያያል። ከ5 እስከ 8 ዓመት የሆነው ፖያክ (በሜዶክ ውስጥ ካለችው የፖያክ ከተማ አካባቢ የሚመጣ ወይን) 2 ሰዓት ያህል ቢቆይ ይለሰልሳል። ከ20 ዓመት ያለፈው ግን ሽታው ቶሎ ሊበን ስለሚችል ከአተላው እንደተለየ ይቀዳ። ከሁሉም በፊት አሽትቱት፤ የረጠበ ካርቶን ከሸተተ ቡሹ በክሎት ስለሆነ በአየር አይድንም።

ሲቀዳ የወይኑ ሙቀት ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይሁን። ክፍሉ 22 ዲግሪ ከሆነ የአልኮሉ ሽታ ይገንናል፤ ጠርሙሱ እንደቆመ፣ ሳይናወጥ ለ20 ደቂቃ ያህል ማቀዝቀዣ ውስጥ ይግባ። ከልክ በላይ ከቀዘቀዘ ደግሞ ታኒኑ ይከረክራል። ብርጭቆው እስከ ሲሶው ብቻ ይሞላ።

ለምግቡ፣ ፖያክ ራሱ በበግ ግልገል ሥጋው የታወቀ አገር ነው። እኛ ቤት በጨውና በጥብስ ቅጠል ብቻ የተጠበሰ የበግ ጎድን ይስማማዋል። በርበሬና ሚጥሚጣ ታኒኑንም አልኮሉንም ስለሚያከሩበት ቀይ ወጥ ለሌላ ቀን ይቆይ።