የሴበሩ ብልጭታ ለምን ጠፋ?

ደብረ ብርሃን ውስጥ የውጊያ በረራ ሲሙሌተር የሚሠራ አንድ ትንሽ ቡድን ኤፍ-86 ሴበርን እየሠራ ነበር። የኢትዮጵያ አየር ኃይልም በአንድ ወቅት ያበረረው ይህ ጄት ብዙውን ጊዜ ቀለም ያልተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ያብረቀርቃል። ሞዴሉ አለቀ በተባለ ማግስት ግን አውሮፕላኑ ፀሐይ ላይ በተጠማዘዘ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ጥቁር ካሬዎች ብቅ ማለት ጀመሩ። መጀመሪያ አንዲት ነጥብ ትጠቁራለች፤ ወዲያው መዳፍ የሚያህል ጨለማ ይሆናል።

የግራፊክስ ካርዱ ነው ተብሎ ድራይቨር ተቀየረ፤ ለውጥ የለም። ችግሩ ቁጥሩ ላይ ነበር። የምስሉ ብርሃን የሚቀመጠው ባለ 16 ቢት ፍሎት (የአስርዮሽ ቁጥር ማስቀመጫ) ውስጥ ሲሆን እሱ ከ65,504 በላይ አይዝም። ከዚያ ያለፈው ሁሉ ወሰን የለሽ ተብሎ ይመዘገባል። ብሉም፣ ማለትም በደማቅ ነገር ዙሪያ ብርሃን የሚያፈስሰው ማጣሪያ፣ ምስሉን ሲያደበዝዝ ይህን ወሰን የለሽ ዋጋ በዜሮ ካባዛው ውጤቱ ጭራሽ ቁጥር መሆኑ ይቀራል፤ አንድ የተበላሸ ፒክስል ደግሞ አብሮት የሚደበዝዘውን ጎረቤት ሁሉ ይበክላል። ብሉም ምስሉን ደረጃ በደረጃ እያሳነሰ ስለሚሠራ ብክለቱ የካሬ ቅርጽ ይዞ ይወጣል።

ቁጥሩ ያን ያህል የናረው ሞዴል ሠሪው የአሉሚኒየሙን ሸካራነት 0.02 ላይ ስላስቀመጠው ነው። ዓይን ላይ ያምራል፤ ስሌቱ ግን አይቀበለውም። ጂጂኤክስ በተባለው የነጸብራቅ ማስያ ቀመር ሸካራነቱ በራሱ ተባዝቶ 0.0004 ይሆናል፤ የነጸብራቁ ጫፍ ደግሞ 1 ሲካፈል ለ(ፓይ ሲባዛ የዚህ ቁጥር ካሬ)፣ ማለትም 2 ሚሊዮን ገደማ ነው። 100,000 ሉክስ የፀሐይ ብርሃን ሲገባበት፣ በቀመሩ መሠረት ለ4 ተካፍሎና በአሉሚኒየሙ 90 በመቶ ገደማ አንጸባራቂነት ተባዝቶ፣ ነጸብራቁ 45 ቢሊዮን ካንዴላ በካሬ ሜትር ይደርሳል። ፀሐይ ራሷ ከመሬት ስትታይ 1.5 ቢሊዮን ገደማ ናት። የአውሮፕላኑ ክንፍ ከፀሐይ 30 እጥፍ በራ ማለት ነው፤ የትኛውም መስታወት ይህን አያደርግም። ስህተቱ የሚመጣው ሼደሩ (የእያንዳንዱን ፒክስል ብርሃን የሚያሰላው ፕሮግራም) ፀሐይን ስፋት የሌላት ነጥብ አድርጎ ስለሚቆጥራት ነው። እውነተኛዋ ፀሐይ ግማሽ ዲግሪ፣ ይበልጥ በትክክል 0.53 ዲግሪ ስፋት አላት። ሒሳቡ ወደ ኋላ ሲሠራ ሸካራነቱ ከ0.05 በታች በወረደ ቁጥር ነጸብራቁ ከፀሐይ ይበልጣል፤ ስለዚህ የሸካራነቱ ዝቅተኛ ገደብ እዚያ ላይ መደረግ አለበት።

ቡድኑ ግን ቀነ ገደብ ነበረበትና አጭሩን መንገድ ያዘ። ከሼደሩ የሚወጣው ብርሃን ከ60,000 እንዳያልፍ ተቆረጠ። ጥቁሩ ካሬ ጠፋ፣ ሥራው ተላከ። ብዙም ሳይቆይ ፈታሾቹ ሌላ ቅሬታ ይዘው መጡ፦ ሩቅ ያለ አውሮፕላን ጨርሶ አያበልጭም። በውጊያ ሲሙሌተር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አብራሪ ጠላቱን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው አውሮፕላኑን አይቶ ሳይሆን ብልጭታውን አይቶ ነው።

በ1920 ፒክስል ስፋትና በ90 ዲግሪ እይታ የስክሪኑ መሃል ላይ ያለ አንድ ፒክስል የ1/960 ሬዲያን ስፋት አለው። የሴበሩ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11.3 ሜትር ስለሆነ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲርቅ በአንድ ፒክስል ውስጥ ይገባል። 10 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ አንድ ካሬ ሜትር የካኖፒ (የአብራሪው ክፍል ሽፋን) መስታወት ደግሞ የፒክስሉን አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። መስታወቱ ፊት ለፊት ያረፈበትን ብርሃን 4 በመቶ ያህል ብቻ ይመልሳል፤ የፀሐይ 4 በመቶ ግን 60 ሚሊዮን ነው። ለፒክስሉ ሙሉ ስፋት ሲካፈል ከ500,000 በላይ ይቀራል፤ 5,000 ገደማ ከሆነው ሰማይ መቶ እጥፍ ይበልጣል። አስቀድሞ 60,000 ላይ ከተቆረጠ ግን ለፒክስሉ የሚደርሰው 600 እንኳ አይሞላም፤ ሰማዩ ላይ ተደምሮ ዓይን አይለየውም። ብርሃኑ የጠፋው መቁረጡ ከማካፈሉ ስለቀደመ ነው።

ገደቡ ተነስቶ ሲሞከርም ብልጭታው አንዳንዴ ይታያል፣ አንዳንዴ ይቀራል። አውሮፕላኑ በሰከንድ 30 ዲግሪ ሲገለበጥ ነጸብራቁ እስከ 60 ዲግሪ ይዞራል፤ የፀሐይን ስፋት በ9 ሚሊሰከንድ ያልፋል። አንድ ፍሬም በ60 ኸርዝ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። ጠፍጣፋ መስታወት የሚሰጠው ብልጭታ በሁለት ፍሬም መሃል ሾልኮ ይቀራል።

መላው የተገኘው አንድ ጡረተኛ የአውሮፕላን ቴክኒሻን ሥራውን እንዲያዩ ሲጋበዙ ነው። «ጋሼ፣ ምን ጎደለው?» ሲሏቸው፣ «ልጆቼ፣ ክንፍ እኮ መስታወት አይደለም» አሉ። «በሪቬቶቹ መሃል ቆርቆሮው ትንሽ ትንሽ ያብጣል። ብርሃኑ ክንፉ ላይ ይሮጣል እንጂ ባንዴ ቦግ አይልም።» ልክ ናቸው፤ ቆርቆሮው በአንድ ዲግሪ ካዘነበለ ነጸብራቁ በሁለት ዲግሪ ይሸሻል፣ ይህም አራት የፀሐይ ስፋት ያህል ነው። ቅርብ ሲሆን እብጠቱን ኖርማል ማፕ (ገጹ በየነጥቡ ወዴት እንደዞረ የሚመዘግብ ምስል) ይይዘዋል። ሲርቅ ግን ሚፕ ማፑ (ለሩቅ እይታ በደረጃ የሚያንሰው የምስሉ ቅጂ) አማካይ እየወሰደ ክንፉን ለጥ ያለ መስታወት ያደርገዋል። ስለዚህ ሼደር ጸሐፊዋ በየሚፕ ደረጃው የጠፋውን የኖርማል (የገጹ አቅጣጫ) መበታተን ወደ ሸካራነት መለሰችው። ብልጭታው ሰፋ፣ ጫፉ ዝቅ አለ፣ ጠቅላላ ብርሃኑ ሳይነካ ብዙ ፍሬም ላይ መታየት ጀመረ። ብርሃን ሲበዛ መላው ማስፋት ነው፤ መቁረጥ የመጨረሻ፣ ያውም ከማካፈል በኋላ ብቻ የሚመጣ ነገር ነው።

ማረጋገጫ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። ማለዳ ጣርማ በር ላይ ቆሞ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ለሚያይ ሰው የአዲስ ቤት ቆርቆሮ ከሩቅ ያበራል፣ የዛገው ዝም ይላል። ቆርቆሮው ሞገድ ስለሆነ ብርሃኑን በአንድ አቅጣጫ ዘርግቶ ይበትናል፤ ስለዚህ ጥቂት እርምጃ ቢራመዱም ብልጭታው አይጠፋም። የሴበሩ ሞላላ አካልም እንዲሁ መሆን አለበት፦ ርዝመቱን የተከተለ ቀጭን መስመር እንጂ ክብ ነጥብ አይደለም።

ከአንድ ፒክስል ለሚያንስ አውሮፕላን ብልጭታው በቀመር ተሠላ፦ ስፋት ሲባዛ አንጸባራቂነት፣ ለርቀት ካሬ ተካፍሎ። የሚሳለው ከጊዜያዊ ጠርዝ ማለስለሻው በኋላ ነው፤ ማለስለሻው ካለፈው ፍሬም ጋር ሲያዋህድ የአንድ ፍሬም ብልጭታን እንደ ጉድለት ቆጥሮ ያጠፋዋልና። መጠኑም በፒክስል ሳይሆን በዲግሪ ተለካ፤ አለዚያ ዝቅተኛ ጥራት ያለው ስክሪን የያዘ ተጫዋች ትልቅ ነጥብ እያየ ያለአግባብ ይጠቀማል። ደመና ፀሐይን ሲጋርድ፣ ተራራ መሃል ሲገባና ጭጋግ ሲኖር ብልጭታው እንዲቀንስ ማድረግ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።