ከ14 ደቂቃ ወደ 2 ደቂቃ፦ ከቴስት ጋር ያደረግኩት ትግል

ትናንት ማታ ተሳካልኝ፣ ቤት ውስጥ ነገሩ የሚገባው ሰው ስለሌለ ለእናንተ ልንገራችሁ። ፕሮጀክቱ ጃንጎ ነው (በፓይተን ዌብ መሥሪያ)፣ ፖስትግሬስ የሚባል ዳታቤዝ ላይ፣ ቴስቱ (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሸው) ወደ 600 ይጠጋል። አስነስቼው አቦል ጠጥቼ ቶና ላይ ስደርስ ገና ይጎተታል።

ቀላሉን ልለፈው፦ ፓስወርድ ሃሽ የሚያደርገውን (ወደማይነበብ ኮድ የሚቀይረውን) ለቴስት ብቻ ወደ ፈጣኑ ኤምዲ5 ቀየርኩ (ዋናው ሆን ተብሎ ነው ቀርፋፋ የተደረገው)፣ ኪፕዲቢ (የቴስቱን ዳታቤዝ በየጊዜው እንደ አዲስ ከመፍጠር የሚያድን) ጨመርኩ፣ ወደ 9 ደቂቃ ወረደ።

ያቃጠለኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ከኔ በፊት የነበረው ልጅ ሁሉንም በትራንዛክሽን ቴስት ኬስ (ከጃንጎ የቴስት ዓይነቶች አንዱ) ነው የጻፈው፣ እሱ ደግሞ አንድ ቴስት ባለቀ ቁጥር ቴብሎቹን በሙሉ ይጠርጋል። ተራው ቴስት ኬስ ግን ሁሉን ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚሰረዙ የዳታቤዝ ሥራዎች) ውስጥ አስገብቶ መጨረሻ ላይ ሮልባክ (ሰርዞ መመለስ) ነው፣ አለቀ። ቀየርኩት፣ በረረ፣ 31 ቴስት ግን ቀይ ሆነ! ሁሉም ኤስኤምኤስ የሚልኩት ናቸው። ሁለት ቀን የኤስኤምኤሱን ኮድ ስበረብር ከረምኩ፣ ለካ መላኪያው ኦን ኮሚት (ትራንዛክሽኑ ሲጸድቅ ብቻ የሚጠራ) ላይ ነው የተንጠለጠለው፣ ሮልባክ ከሆነ ደግሞ ኮሚት የለም፣ ኮሚት ከሌለ የሚጠራው የለም። መድኃኒቱ ከጃንጎ 3.2 ጀምሮ ያለው ካፕቸር ኦን ኮሚት ኮልባክስ (ኮሚት የሚጠብቁትን ጥሪዎች የሚሰበስብ) ነው። እሱንም ኤክሰኪዩት ትሩ ካላላችሁት ሰብስቦ ዝም ነው የሚለው፣ ይቺ ሌላ አንድ ማታ በላችብኝ።

"ለቴስት ኤስኪውላይት ተጠቀም" የሚሉኝን (ቀለል ያለ ዳታቤዝ ነው) አልሰማም። የስልክ ፊልዴ 10 ፊደል ነበር፣ ኤስኪውላይት ርዝመት አይቆጣጠርም፣ በ+251 የሚጀምረውን 13 ፊደል ዝም ብሎ ዋጠው፣ ፖስትግሬስ ነው አልቀበልም ያለኝ።

ኤፍሲንክ (ዳታው ዲስክ ላይ መጻፉን የሚያረጋግጠውን የፖስትግሬስ ሴቲንግ) ማጥፋትም ያፈጥናል፣ ግን እንደኔ አታድርጉ። እኔ የማሽኔ ዋና ፖስትግሬስ ላይ አጠፋሁት፣ ዴስክቶፕ ነው፣ መብራት ሄደ፣ ሲመጣ ዳታቤዙ አልነሳም አለ። የሦስት ሳምንት የሙከራ ዳታ ባክአፕ ሳይኖረኝ ሄደ። አሁን ለቴስት ብቻ የተለየ ዶከር (ከሌላው ተነጥሎ የሚሠራ ሳጥን) አለኝ፣ ዳታው ራም ላይ ነው፣ እዛ እንደፈለገ ይጥፋ።

ፓራለል (ቴስቶቹ ጎን ለጎን እንዲሄዱ) ሳደርገው 2 ደቂቃ ገባ። አራት ቴስቶች አንድ ፋይል ላይ እየተሻሙ ይወድቃሉ፣ ለጊዜው ስኪፕ አድርጌያቸዋለሁ፣ ለአለቃዬ ግን አልነገርኩም።