የሐምሌ ገብርኤል ዋዜማ፣ በመንገድ 138

ካወጣኸን ተአምርህን እመሰክራለሁ ብዬ ለቅዱስ ገብርኤል ስለተሳልኩ ነው ይህን የምጽፈው።

የምኖረው ካናዳ፣ ሞንትሪያል ነው። የጉዞ ጽሑፍ እጽፋለሁ። ሐምሌ ላይ እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ ስለነበር ይዣት ወጣሁ። ሐሳቤ መንገድ 138ን ይዤ የሴንት ሎውረንስን ወንዝ ሰሜናዊ ዳርቻ እስከ ኬጋስካ መሄድ ነበር። መንገዱ እዚያ መንደር የደረሰው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ቀጥሎ ላሉት መንደሮች ጀልባ ወይም አውሮፕላን ነው።

ኬቤክ ከተማን እንዳለፍን ሳንት-አን-ደ-ቦፕሬ ቆምን። በእመቤታችን እናት በቅድስት ሐና ስም የተሠራ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ነው። መግቢያው ላይ ያሉት ዓምዶች ተፈውሰው የሄዱ ሰዎች በተዉት ክራንች ተሸፍነዋል። እናቴ የካቶሊክ ነው ብላ አልተግደረደረችም፤ ተሳለመች። ታዱሳክ ላይ የሳግኔን ወንዝ በነጻ ጀልባ ተሻገርን። ሰው ዓሣ ነባሪ ለማየት የሚጎርፍበት ቦታ ነው። እሷ ግን "ዮናስን የዋጠው ይሄ ነው?" ብላ ፊቷን አዞረች።

ከቤ-ኮሞ ወዲያ ጥድ፣ ድንጋይና ውኃ ብቻ ነው። ስልክ ብዙ ቦታ አይሠራም። ከሰዓት በኋላ ጭጋግ ወርዶ መንገዱን ሸፈነው። ቀስ ብዬ እየነዳሁ፣ ሙስ የሚሉት ፈረስ የሚያክል አጋዘን ድንገት ከፊቴ ተገተረ። መሪውን ጠመዘዝኩ። መኪናው ከአስፋልቱ ወጥቶ አፋፍ ላይ ቀረ። በእናቴ በኩል ያለው የፊት ጎማ አየር ላይ ነው። ከሥር ገደልና ውኃ። በተነፈስን ቁጥር መኪናው ይነቃነቃል።

"እማዬ፣ እንዳትንቀሳቀሺ" አልኳት።

"አንተ ዝም በል። ነገ ገብርኤል ነው።"

እውነቷን ነው፤ ሐምሌ 18 ነበር። "ቂርቆስንና ኢየሉጣን ከፈላ ውኃ ያወጣህ አባቴ፣ እኛም እናትና ልጅ ነን" እያለች ጀመረች። እኔም ስለቴን በሆዴ ተሳልኩ።

ልመናዋን ሳትጨርስ በጭጋጉ ውስጥ መብራት ታየ። ፒክአፕ ነው። ሁለት ጎረምሶችና አንዲት አሮጊት ወረዱ፤ ኢኑ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው። ሰንሰለት ይዘዋል! የመኪናዬን ኋላ ከፒክአፑ ጋር አሰሩት። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እናቴን በሾፌሩ በር አወጡን። ከዚያ መኪናውን ሳቡት። ከጭረት በቀር ምንም አልሆነም።

ወዴት እንደሚሄዱ በፈረንሳይኛ ጠየቅኳቸው። ሳንት-አን-ደ-ቦፕሬ፣ ለሐና በዓል። ኢኑዎች ቅድስት ሐናን አጥብቀው ይወዳሉ። በዓሏ በእነሱ ጁላይ 26 ነው፤ በእኛ ሐምሌ 19! አሮጊቷ የሐና ምስል ያለባት ትንሽ ሜዳሊያ ከአንገታቸው አውጥተው አሳዩን። እናቴም ማተቧን ከነመስቀሉ ጎትታ አወጣች። በቋንቋ አይግባቡም፤ ተቃቅፈው ግን ተላቀሱ።

አንድ ወዳጄ "በበዓል ሰሞን መኪና መገኘቱ ምን ይገርማል?" አለኝ። ይሁን። ሰንሰለት ያለው መኪና ጎማው ሳይለቅ ማን እንዳደረሰልን ግን እኔ አውቃለሁ። እናቴ ለካ እሷም ጃንጥላ ተስላ ኖሯል። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ወርዳ አስገባች።